አራቱን ፈተና ያለፈው ቁጥር

ግንቦት 4 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ አዋሽ

ቁጥሩ መጣ። ሰመራ ያለው ኮሌጅ ለሒሳብ መምህርነት ለተወዳደርነው ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት ልኮልናል። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 3,215,031,751። ከሥሩ "ሰኔ 19 መጥታችሁ ስለዚህ ቁጥር የምታውቁትን ሁሉ ንገሩን። የምንቀበለው በእጅና በካልኩሌተር የተሠራ ብቻ ነው፤ የሠራችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ" ይላል። አለቀ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ፋሪሃ ሁልጊዜ የምትፈትነው እንዲህ ነው አሉ። ሰውን የማውቀው አንድ ነገር ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ሳይ ነው ትላለች አሉ። የተማረ ሰው ሥራ ሲፈታ እንዲህ ይሆናል።

ባለቤቴ ራሄልና ልጃችን ኑሀሚን ሰመራ ከገቡ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ራሄል የክልል ቢሮ ሥራ ስታገኝ "አንተም በዓመቱ ትመጣለህ" ተባብለን ነበር። ዝውውር ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለት ጊዜ ተከለከልኩ። ይሄ ካመለጠኝ ሌላ በር የለም፤ ራሄልም ከእንግዲህ አትጠብቅም። እንዲህ ብላ አልተናገረችም። ግን ድሮ "መቼ ነው የምትመጣው?" የምትለው ሴትዮ አሁን "ከመጣህ" ማለት ጀምራለች።

ዛሬ ስደውልላት የጓሮውን ክፍል ላንተ እያስጠረግሁ ነው አለችኝ። ቬንቲሌተርም አስገብታበታለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ "መጀመሪያ ልለፍ እንጂ" ብዬ ተቆጣኋት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ከመልካ ወረር የተወዳደረው ሰውዬ ቁጥሩን አይቶ ተወው አሉ። የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና ኸሊዳ።

ኸሊዳ ማለት እዚሁ ትምህርት ቤት፣ እዚሁ መምህራን ክፍል፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ኸሊዳ ናት። አስራ አንደኛ ክፍል ሎጋሪዝም ያስተማርኳት ልጅ። አባቷ ከድሩ ከወሎ መጥቶ መንገዱ ዳር ሆቴል ከከፈተ ስንት ዘመኑ። ሰመራ ምን ያስኬዳታል? ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ሰመራ ላይ የሚጠብቃት ሰው የላት። ማስተርሷን ይዛ መጥታ ከእኔ እኩል ቆመች። ዛሬ "ጋሽ ስዩም፣ ለምን አብረን አንሠራውም?" አለችኝ። "ውድድር እኮ ነው" አልኳት። "እሱማ ነው" አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ቁጥሩን ተዋወቅነው። ጎዶሎ ነው። አሃዞቹ ሲደመሩ 28 ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ለሦስት አይካፈልም። 28 ደግሞ ፍጹም ቁጥር ነው፤ አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ተደምረው መልሰው ራሱን ይሠሩታል። ይህቺን መግቢያ አደርጋታለሁ፤ ዶክተሮች እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ። ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ እንግዲያው የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ ሊጻፍ አይችልም። ይህም አንድ ነጥብ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ፕራይም ነው ወይስ አይደለም? ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው አለ ወይስ የለም? እስከ መቶ ባሉት ፕራይሞች በሙሉ ከሰዓት በኋላውን ቁጭ ብዬ አካፈልኩት። አንዱም አልገባበትም። ከዚህ በላይ ማካፈል የልጅ ሥራ ነው። ማካፈሉ የሚያበቃበት ካሬ ሥሩ ሃምሳ ስድስት ሺህ ከምናምን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያሉት ፕራይሞች ከአምስት ሺህ ይበልጣሉ። ማን ተቀምጦ ያንን ሁሉ ያካፍላል? ሰው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከዚህ ለመዳን ነው።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ራጉኤል፣ ታሪክ የሚያስተምረው ጓደኛዬ፣ ወረቀቴን አይቶ "ለምን ስልክህን አትጠይቀውም?" አለኝ። ስድብ ነው። በእጅ ተብሏል፣ በእጅ እሠራለሁ። ደግሞም ቢጠይቁኝ እያንዳንዱን መስመር ማስረዳት አለብኝ።

ፈተናውን አስረዳሁት። ሁለትን በራሱ እያባዛህ ትወጣለህ፤ በየደረጃው በትልቁ ቁጥር አካፍለህ ቀሪውን ብቻ ትይዛለህ። ሠላሳ ምናምን ደረጃ ነው። ቁጥሩ ፕራይም ከሆነ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው የታወቀ ነው። ሌላ ነገር ከተረፈ ፕራይም አይደለም።

"ያ የታወቀው ከተረፈስ?"

"ፈተናውን አለፈ።"

"አለፈ ማለት ፕራይም ነው ማለት ነው?"

የታሪክ መምህር ጥያቄ። አንድ ፈተና ሊያታልል ይችላል፤ ስለዚህ በሦስትም፣ በአምስትም፣ በሰባትም ትደግመዋለህ አልኩት። የዩኒቨርሲቲ ደብተሬ ከጠፋ ቆይቷል፤ ትምህርቱ ግን አልጠፋም። እስከ ሦስት ቢሊዮን ከምናምን ድረስ አራቱን ያለፈ ቁጥር ያለ ጥርጥር ፕራይም ነው። የእኛ ቁጥር ሦስት ቢሊዮን ከምናምን ነው። ልክ ለእኔ የተሰፋ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ሙቀቱ። መብራት የለም። ካልኩሌተሩ አስር አሃዝ በአስር አሃዝ ማባዛት ስለማይችል እያንዳንዱን ለሁለት ከፍዬ ነው የማባዛው። አስራ አራተኛው ደረጃ ላይ አንድ አሃዝ ዘልዬ እንደገና ከመጀመሪያው። ክፍል ውስጥ ተማሪ ጠየቀኝ፣ ምን እንዳልኩት አላውቅም።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

በሁለት ሲፈተን አለፈ። መጨረሻ ላይ አንድ ተረፈ። ንጹሕ አንድ።

ለራሄል ደወልኩላት። "አንድ ተረፈ" አልኳት። "ምኑ?" አለች። ቢሮ ነበረች፤ ከኋላዋ ሰው ይስቃል። "በኋላ እደውላለሁ" ብላ ዘጋች። አልደወለችም። ማን ነው የሳቀው?

ግንቦት 24፣ እሑድ

በሦስትም አለፈ። በአምስት ጀምሬያለሁ።

ዓርብ ዕለት መምህራን ክፍል ውስጥ ዳይሬክተሩ ከበር ላይ ለአንዱ ሲናገር ሰማሁት። "ስዩም ጎበዝ ነበር፣ ግን ቆየ" አለ። ቆየ። እንጀራ ነኝ እንዴ የምሻግተው? ሰው አንድ ቦታ ሲቆይ የሚወቀሰው ማነው? ሂድ የሚል ሳይኖር የት ይሂድ?

ኸሊዳ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታ ትሠራለች። ወረቀቷን ሳልፍ በዓይኔ ላየው ሞከርኩ። ሸፈነችው ማለት አልችልም። ክርኗ ነው የተጋረደብኝ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ዓረፋ ነው። ከድሩ ከሰዓት "ሳትመጣ እንዳትቀር" ብሎ ላከብኝ። ሥጋቸውን እንደማልበላ ያውቃል፤ ዳቦና ሻይ ለብቻ አቀረበልኝ። እንግዳው ሁሉ ሲጫወት ኸሊዳ ጥግ ላይ ሆና ትጽፋለች። "በዒድ እንኳ ይሄን ቁጥር አትለቀውም" አለኝ ከድሩ። "እዚህ ከቀረሽ ሆቴሉን ተረከቢ ብያታለሁ። ሰመራ ካለፍሽ ግን መርቄ እሸኝሻለሁ አልኳት። ምን ላድርግ ጋሽ ስዩም፣ ያስተማራችኋት እናንተ ናችሁ።"

እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ቶሎ ወጣሁ። ደግ ሰው ነው። ደግነቱ አናደደኝ።

ሰኔ 1፣ እሑድ

አለቀ። አራቱንም አለፈ። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ወረቀቱ ተቆልሎ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ክንዴ ላይ ላቡ ደርቆ ጨው ሆኗል።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ራጉኤልን ይዤ ከድሩ ቤት ገባሁ። ብዙ ጊዜ ስለ ሥራዬ አላወራም፤ ዛሬ ግን አፌ አልያዝ አለኝ። "ፕራይም ነው" አልኩት። "ብቻውን የቆመ ቁጥር ነው። ማንም አይገባበትም። ሰመራ ሄጄ አራቱን ፈተና ሰሌዳ ላይ እዘረግፈዋለሁ፣ ሥራው የእኔ ነው።" ከድሩ ራሱ ሻዩን ይዞ መጥቶ ቆሞ ነበር። "እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ" ብሎ አስቀመጠውና ሄደ። ከድሩ ስለ ቁጥር ምን ያውቃል።

ለራሄል ነገርኳት። ዛሬ ሳቀች። "እንግዲህ ፍራሹን ላስገባው?" አለች። አስገቢ አልኳት። ኑሀሚን ከኋላ "አባዬ በየትኛው አውቶቡስ ነው የሚመጣው?" ስትል ሰማኋት።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ያደረግሁትን እጽፈዋለሁ፣ ለማንም ስለማልናገረው።

ጠዋት መምህራን ክፍል ብቻችንን ነበርን። ኸሊዳ ወንበሯን አዞረችና "ጋሽ ስዩም፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "በሁለትም በሦስትም ፈተንኩት፣ አለፈ። እስከ መቶም አካፍዬዋለሁ። ፕራይም ነው ብዬ ልተወው? ወይስ ልቀጥል?"

አዎ ብላት ምን ነበረበት። ሁለታችንም ያንኑ እንናገር ነበር፣ ከዚያ በአራት የፈተነው በሁለት ከፈተነችው ይሻል ነበር። ግን ማስተርሷ ትዝ አለኝ። ዶክተር ፋሪሃ ሴት መሆኗ ትዝ አለኝ። ሁለታችንም አንድ መልስ ብንይዝ ለእኔ የሚያደላ ማን አለ?

"አይደለም" አልኳት። "አካፋይ አለው።"

"አገኙት?"

"አግኝቼዋለሁ። ስንት እንደሆነ ግን አልነግርሽም። ፈልጊ።"

እርሳሷን ከፀጉሯ መዘዘች። "እሺ ጋሼ" አለች። "አመሰግናለሁ።"

እንግዲህ የሌለ አካፋይ ስትፈልግ ትክረም። ፈልጋ ስታጣ ወይ ባዶ እጇን ትመጣለች፣ ወይ "አካፋይ አለው ግን አላገኘሁትም" ትላለች። ሁለቱም ለእኔ ይሆናል። ውሸት አንድ ቃል ነው፤ ሦስት ዓመት ከልጅ መለየት ግን ስንት ነው?

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ጾሙ ገብቷል። ሰላምታዬ አንሷል። ኸሊዳ "እንደምን አደሩ" ስትለኝ እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ኸሊዳ ካልኩሌተር አትይዝም፣ ወረቀትም አትጽፍም። የፈተና ወረቀት ታርማለች። ተስፋ ቆርጣ ተወችው መሰለኝ። ራጉኤል "ልጅቷ ምን ሆነች፣ ከሰው አትነጋገርም" አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኩት።

ልጠራትና "ተሳስቼ ነው፣ ፕራይም ነው" ልላት አሰብኩ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ከሰኔ 19 በኋላ እነግራታለሁ። ሰመራ ከገባሁ በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነው።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ፣ ሰመራ

መንገድ ላይ ውዬ ገባሁ። ሚሌ ላይ ቆመን ሚኒባሱ እንደ ምድጃ ጋለ። ኸሊዳ ከፊት ወንበር ነበረች፣ ከአባቷ ጋር። ከድሩ በየፌርማታው ውሃ ገዝቶ ለእኔም ያቀብለኛል።

ኑሀሚን አድጋለች። ስታቅፈኝ ጭንቅላቷ ደረቴ ደረሰ። የጓሮው ክፍል ፍራሽ ገብቶበታል፣ ለመጽሐፎቼ መደርደሪያ አለ፣ ቬንቲሌተሩ ይዞራል። ራሄል በሩ ላይ ቆማ ፊቴን ታያለች። "ይበቃሃል?" አለችኝ። "ይበቃኛል" አልኩ። ዛሬ ቤቴ ነኝ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። ኸሊዳ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድታዳምጥ አደረጉ፤ እንዲህ ነው የኮሌጁ ደንብ፣ አንዱ የሌላውን ይሰማል። ሦስት ፈታኞች ናቸው። ዶክተር ፋሪሃ ቀጭን ሴት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። የ28ን ነገር ስናገር ፈገግ አለች። የካሬዎቹን ስናገር ጻፈች። ከዚያ አራቱን ፈተና አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ ዘረገፍኩት። "ስለዚህ ይህ ቁጥር ፕራይም ነው" ብዬ ጨረስኩ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እስከ ስንት አካፍለውት ነበር?"

"እስከ መቶ።"

"እሺ፣ ይቀመጡ" አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

ኸሊዳ ተነሳች። ሰሌዳው ላይ የእኔን ጽሑፍ አላጠፋችውም፤ ጥግ ላይ ቦታ ፈልጋ አንድ መስመር ጻፈች። 151 በ751 በ28,351 ሲባዛ። "ቁጥሩ ፕራይም አይደለም" አለች። "የሦስት ፕራይሞች ብዜት ነው።"

መቶ ሃምሳ አንድ። እኔ ያቆምኩት መቶ ላይ ነው። ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ አንድ አስራ አንድ ፕራይም ናቸው። አስራ አንድ ማካፈል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ግን ለስንት ሳምንት ሳባዛ ከረምኩ።

ቀጠለች። ከእያንዳንዳቸው አንድ ብትቀንሱ 150፣ 750 እና 28,350 ይሆናሉ አለች፤ ሦስቱም ከትልቁ ቁጥር አንድ ሲቀነስ የሚመጣውን ያለ ቀሪ ያካፍሉታል። እንዲህ ያሉት ካርማይክል ቁጥር ይባላሉ፤ ፕራይም ሳይሆኑ ፕራይም የሚመስሉ። ዶክተር ፋሪሃ ወደ እኔ ዞራ፣ ሳትቆጣ፣ "በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስትና በሰባት ሲፈተኑ አራቱንም ከሚያታልሉት የመጀመሪያው እሱ ነው" አለችኝ። "ደንቡ የሚሠራው እስከ እሱ ድረስ ነው፣ እሱን ሳይጨምር። ለዚህ ነው የሰጠናችሁ።" ምናምን እያልኩ ያለፍኩት ራሱ ይሄ ቁጥር ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሞኝ ሆኜ እወጣ ነበር። ኸሊዳ ግን ጠመኔውን አስቀምጣ እንዲህ አለች፤ "አንድ ነገር ልናገር። ይህን ያገኘሁት በጋሽ ስዩም ነው። ሁለት ጊዜ ፈትኜ ልተወው ስል፣ ፕራይም አይደለም፣ አካፋይ አለው፣ ፈልጊ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።"

ሦስቱም ፈታኞች ወደ እኔ ዞሩ።

"እንዲህ ብለዋት ነበር?" አለች ዶክተር ፋሪሃ።

"አዎ።"

"መቼ?"

"በሰኔ መጀመሪያ።"

"ታዲያ ዛሬ ፕራይም ነው ያሉን ለምንድን ነው?"

ረሳሁት አልኩ። እውነት እውነት፣ ያልኩት ይህንን ነው። ረሳሁት።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ትናንት ራሄል ኑሀሚንን ይዛ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ኸሊዳን ከአዋሽ ጀምሮ ታውቃታለች፤ ተሳሳሙ። እንዴት ሆነ ስትላት ኸሊዳ ያንኑ ደገመችላት፣ አካፋይ አለው ያሉኝ እሳቸው ናቸው ብላ። ራሄል ወደ እኔ አየች። መንገዱን ሙሉ የኑሀሚንን እጅ ይዛ ከፊቴ ሄደች።

ዛሬ ጠዋት ኑሀሚን ከወጣች በኋላ "አውቀህ ነው" አለችኝ።

"ምኑን?"

"መልሱን ለልጅቷ ሰጥተህ አንተ የተሳሳተውን ተናገርክ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ማለፍ ያልፈለገ ሰው ነው። ከእኛ ጋር መኖር ካልፈለግህ በአፍህ ንገረኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በር በሩን ሳይ ከርሜያለሁ፣ ሰው ነኝ እኮ።"

ያለኝ መልስ ሁለት ነው። አላውቅም ነበር ብላት ልጅቷን ዋሽቻታለሁ ማለት ነው። አውቅ ነበር ብላት እነሱን አልፈልግም ማለት ነው። ውሸታም ከምባል ምንም ብባል ይሻለኛል መሰለኝ፣ ዝም አልኩ። ዝም ስል ራሄል ራሷን ነቀነቀችና ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቢሮ ሄደች። ፍራሹ ላይ ተጋድሜ ቬንቲሌተሩን ሳይ ዋልኩ።

ሰኔ 22፣ እሑድ፣ አዋሽ

ሚኒባስ አጥቼ ከገላፊ ጭኖ በሚመጣ ከባድ መኪና ተመለስኩ። ሾፌሩ "ሰመራ ምን ነበረህ?" አለኝ። ቤተሰብ አልኩት። "ታዲያ ወዴት ነው የምትሄደው?" አለኝ። እስከ ገዋኔ ድረስ የተኛሁ መሰልኩ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ወሬው ደርሷል። መምህራን ክፍል ስገባ ዳይሬክተሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። "እንዲህ ያለ መምህር አሁን የት አለ" አለ። "ቦታውን ለተማሪው ለቀቀ።" አንዷ "እኔ ብሆን አላደርገውም" አለች። ሁሉም የራሱን ታሪክ ሠራ፤ እኔ ትሑት ነኝ፣ እኔ አባት ነኝ። ኸሊዳ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ስለ እኔ ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልቀነሰችም።

ራጉኤል ወደ ውጭ ጎትቶ አወጣኝ። "ከድሩ ቤት ፕራይም ነው ብለኸኝ አልነበር?" አለኝ።

"አልሰማኸኝም" አልኩት።

"ሰምቻለሁ" አለ። እንደወትሮው ሻይ ሳይጋብዘኝ ሄደ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ኸሊዳ አለፈች። ማስታወቂያውን ለጠፉት። ከድሩ ለመንገደኛው ሁሉ ሻይ በነፃ አጠጣ። ከእኔም ጋር ተቃቀፈ፣ አጥብቆ። ምንም አልተናገረም። ለምንድን ነው ያልተናገረው?

ራሄል ስልክ አታነሳም።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ዛሬ አነሳች። ሰላም ሳልላት "ዋሽቻት ነው" አልኩ። "ፕራይም ነው ብዬ ነበር የማምነው። አካፋይ አለው ያልኳት እንድትሳሳት ነው። ውሸቴ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሥራውን እፈልገው ነበር፣ እናንተን እፈልግ ነበር፣ ለዚህ ነው ያደረግሁት።"

በር ስትዘጋ ተሰማኝ። ከዚያ "ለእኛ ብለህ ነው?" አለች።

"አዎ።"

"በእኛ አታሳብብ" አለች። "ለልጅቷ ንገራት። ከነገርካት በኋላ ደውልልኝ።"

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ለኸሊዳ መሸኛ አደረጉ። ልነግራት ወስኜ ነበር የሄድኩት፣ በሰው ፊት። ዳይሬክተሩ "አሁን መስዋዕትነት የከፈለውን መምህሯን እንስማ" ሲል ገና አፌን ሳልከፍት አጨበጨቡ። ራጉኤል ብቻ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያየኛል። "በርቺ" ብዬ ተቀመጥኩ። ትሕትናው አሉ። ኬክ አጎረሱኝ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

መናኸሪያ ሄድኩ። ከድሩ ሻንጣውን ጣሪያ ላይ ሲያስጭን ኸሊዳን ለብቻዋ አገኘኋት።

"ኸሊዳ፣ ያን ቀን አካፋይ አለው ያልኩሽ ዋሽቼ ነው። ፕራይም ነው ብዬ ነበር የማምነው።"

ሻሿን አስተካከለች። "አውቃለሁ ጋሽ ስዩም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያኑ ቀን። እርስዎ እኛ ቤት ሻይ ሲጠጡ የተናገሩትን አባቴ ሰምቶ ነግሮኝ ነበር። ስዩም ፕራይም ነው ብሏል፣ ጨርሷል፣ አንቺም አትልፊ አለኝ። ግን በሰሚ ሰሚ መሥራት አልፈለግሁም፣ ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ጠየቅሁዎት። አይደለም አሉኝ።"

"ታዲያ ለምን ማካፈል ቀጠልሽ?"

"ተናድጄ" አለች። "ቤት ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። እስከ መቶ ሠርቼ ያቆምኩትን ያዝኩና መቶ አንድ፣ መቶ ሦስት፣ መቶ ሰባት እያልኩ ቀጠልኩ። ወላሂ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ተገኘ።"

"ታዲያ ፈታኞቹ ፊት ለምን አመሰገንሽኝ?"

"ያሉኝን ነው የነገርኳቸው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "አስተምረውኛል፣ ሐቅዎ አለብኝ። እኔንም አውፍ ይበሉኝ" አለች። አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። ከድሩ ከጣሪያው ወርዶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ አውቶቡሱ ሄደ።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ለራሄል ደወልኩ። "ነገርኳት። ታውቅ ነበር" አልኩ።

"ነግራኛለች" አለች። "እዚህ ናት። ቤት እስክታገኝ የጓሮውን ክፍል ሰጥቻታለሁ። በዚህ ሙቀት የት ትሂድ።"

"የእኔን ክፍል?"

"ባዶውን ክፍል" አለች ራሄል። ቁጣ አልነበረባትም፤ እሱ ነው የከፋኝ። ስልኩን ለኑሀሚን ሰጠቻት።

"አባዬ፣ ኸሊዳ ትልልቅ ቁጥር ማካፈል እያስተማረችኝ ነው።"

"ጎበዝ" አልኳት። "እስከ ስንት ድረስ አካፍዪ አለችሽ?"

"እስኪገኝ ድረስ" አለችኝ።